የዳኛው ድንጋዮች

የቤታችን የውጭ በር ቆርቆሮ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ልክ በዓይኔ ቁመት አንድ የምስማር ቀዳዳ ነበረው። በዚያች ቀዳዳ መንገደኛውን ሁሉ አውቀው ነበር፤ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ፣ የማን አህያ እንደምታነክስ፣ የትኛው ባለጉዳይ አባቴን ሰላም ለማለት ጉሮሮውን እየጠረገ እንደቆመ። እናቴ እዚያ ስታገኘኝ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ሴትዮዋንም ያየኋት በዚያች ቀዳዳ ነው። ዛሬም ሳስባት በዚያችው ክብ ቀዳዳ ውስጥ ቆማ ነው የምትታየኝ።

እሑድ ጠዋት ነበር፣ ክረምት። በመካነ ሰላም ጉሙ ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ያለው የባህር ዛፍ አጥር እንኳ ይጠፋል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እኔ ደረቴን ስለሚያመኝ በብርድ አልወጣም። አባቴ ገና ሲነጋጋ "ቅዳሴ ልድረስ" ብሎ ወጥቶ ረፋዱ ላይ ብቻውን ተመለሰ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ጠጠር የፈሰሰበት ስለሆነ፣ ይሄን ሁሉ ጭቃ ከየት እንዳመጣው ገረመኝ። ሁልጊዜ ሲገባ "ሃይሚ፣ ማን ከሰሰሽ ዛሬ?" ይለኝ ነበር። ያን ቀን ምንም ሳይለኝ ውሃ አንስቶ ወደ ጓሮ አለፈ። ኮሌታው ተገልጦ ማጅራቱን አየሁት፤ ቀልቶ ተላልጧል፣ የሆነ ነገር አንቆ ይዞ የለቀቀው ይመስላል።

ሄጄ በቀዳዳዋ ወደ ውጭ አየሁ። ከበራችን አጠገብ የሰው ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴትዮ ቆማለች። ጉሙ እግሯን ውጦታል። ድንጋዩን ታያለች፣ ከዚያ በሩን ታያለች፣ እንደገና ድንጋዩን። እኔን ማየት እንደማትችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ትንፋሼን ዋጥኩ። ከዚያ ዞር ብላ ጉሙ ውስጥ ገባች።

በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ። አባቴ በጭቃ ተለውሶ ገባ፣ እኔ ወደ ቀዳዳዋ ሮጥኩ፣ ድንጋዮቹ ሁለት ሆነው ጠበቁኝ። ሴትዮዋም ማዶ ቆማ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ሦስት። እነሱም እንደነገሩ የተጣሉ አልነበሩም፤ አንዱ በአንዱ ጎን በደንብ ተደርድረዋል። ከከተማው ዳር ባለው የእስላም መቃብር ሳልፍ እንዲህ ያለ ድርድር አይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ሆነ። ይህች ሴት አባቴን እየተከተለች በየሳምንቱ አንድ ድንጋይ ታመጣለች፣ ደጃችን ላይም መቃብሩን እየሠራችለት ነው።

ልጅ ነበርኩ እንጂ ሞኝ አልነበርኩም። ሴትዮዋን ከዚያ በፊት አይቻታለሁ፤ የት እንዳየኋትም አስታወስኩ።

አባቴ ዳኛ ክንፈ ይባላል። አቀስታ አስተማሪ ሆኖ ጀመረ፣ የዳኝነት ሥልጠና ወሰደ፣ እዚያው አቀስታ ዳኘ፣ ደጎሎ አራት ዓመት ተቀመጠ፣ ከዚያ መካነ ሰላም መጣ። በየሄደበት ሁሉ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነበር፤ የእሱ ችሎት ቀጠሮ አያበዛም። ሌላው ዳኛ ሁለት ዓመት የሚያንከባልለውን መዝገብ እሱ በሁለት ወር ይዘጋዋል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ይህንኑ የሚያመሰግን ወረቀት በመስታወት ተሰቅሎ ነበር፤ በየቅዳሜው አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ፣ በኩራት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ጥቁር ካባውን ለብሶ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከፊቱ አህመዲን የሚባል ወጣት ቆሟል፤ ሁለት በሬ ሰርቀሃል ተብሎ። ሁለት ምስክሮች ምለው አየነው ብለዋል። ልጁ እንዲህ ሲል እሰማዋለሁ፦

"ጌታዬ፣ ያን ቀን ደሴ ነበርሁ፣ እህቴን ወደ ጅዳ ስሸኝ። ፎቶ ቤት ገብተን ተነስተናል፣ ቀኑ ከጀርባው ተጽፎበታል። ፎቶው እሷ ዘንድ ነው። አንድ ወር ስጡኝ፣ ወላሂ ትልክልኛለች።"

አባቴ መዝገቡን አገላበጠ። "ሁለት ጊዜ ተቀጥሮልሃል። ይህ ፍርድ ማጓተት ነው" አለ።

እኔ ርቦኝ ስለነበር ቶሎ በጨረሰ እያልኩ ነበር። ጨረሰም። ሦስት ዓመት ፈረደበት። ከጎኔ የተቀመጠች አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ተነስታ ቆመች። አልጮኸችም። አባቴን ብቻ አየችው፤ ረጅም ጊዜ። የልጁ እናት ራሕማ እሷ ነበረች።

ስለዚህ በዘጠኝ ዓመት አእምሮዬ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። አባቴ ሌባ አሰረ፣ የሌባው እናት ጠላችው፣ እና አሁን ልትገድለው ነው። ያልገጠመልኝ የአባቴ ዝምታ ብቻ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ እራት ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንድ ቀን አወረደውና ምስማሩ ብቻ ቀረ።

አራተኛው ድንጋይ በመጣ ዕለት እናትና አባቴ ጓዳ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ። እናቴ የተላጠ ማጅራቱን ቅቤ እየቀባችው ነበር።

"አይበቃህም? አንተ እኮ ዳኛ ነህ!" ትለዋለች።

"ዳኛ ስለሆንኩ ነው።"

"ዛሬስ ምን አለች?"

"ምንም አትልም። ታየኛለች። ስመለስ ደግሞ ትከተለኛለች፣ እስከ በሩ። ኮቴዋን እሰማለሁ።"

"ሀገር ምን ይላል?"

"ሽማግሌዎቹ እስከ ሰባት ነው ያሉኝ። ሰባት ይሙላና እናያለን።"

እናቴ አለቀሰች። እኔ መጋረጃውን ይዤ ቀረሁ። ሰባት። አራቱ ደጃችን ላይ ናቸው። በዚያ ሳምንት ሌት ተቀን ሰባት ብቻ ነበር የማስበው። ትምህርት ቤት የሰባትን ማባዣ ስንል እንኳ ድምፄ ይጠፋ ነበር።

አሁን የማውቀውን ልናገር፤ ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ምስጢር አልነበረም። አህመዲን በታሰረ በሰባተኛ ወሩ ንዳድ ይዞት ሞተ። እህቱ ሀናን ከጅዳ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በግንቦት። ከአውሮፕላን ወርዳ ወንድሟን ሳይሆን መቃብሩን አገኘች። ፎቶውን ይዛ ችሎት ገባችና ሳትናገር አባቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ወንድምና እህት ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ቀኑም አለ። በሬዎቹ የጠፉበት ቀን።

አባቴን የሚጠይቀው አልነበረም። ምስክር ምሏል፣ ሕጉ ተከብሯል፣ ይግባኝም አልተባለም። እሱ ግን በእኛ አገር በዳይ የሚያደርገውን አደረገ። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አስቀምጦ፣ ወደ አባይ አፋፍ ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬደው መንገድ ራሕማ ደጅ ድረስ ሄደና አጎንብሶ ቆመ። ተበዳይ ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። አፉ ካላለ በዳዩ እንደተሸከመ ይመለሳል። ራሕማ አላወረደችለትም። ባላየሁት ጊዜ መንገድ ላይ ይጥለዋል ብላ ስለጠረጠረች ደግሞ ኋላ ኋላው እየሄደች እስከ ደጃችን ትሸኘው ነበር። አባቴም የተመለሰ ድንጋይ ዳግም አልወስድም ብሎ በየሳምንቱ ሌላ ይፈልጋል። ድንጋዮቹን ሁሉ ያመጣቸው እሱ ነው። እኔ ሁልጊዜ በቀዳዳዋ የማየው እሱ ከገባ በኋላ ነበር፤ አንድ ቀን ቀድሜ ባይ ኖሮ ይህን ታሪክ አልናገርም ነበር።

አምስተኛው መጣ። ስድስተኛው መጣ። ከስድስተኛው በኋላ አባቴ ወገቡን ተያዘና ከአልጋ መነሳት አቃተው። እኔም እንግዲህ ተጀመረ አልኩ።

ሰባተኛው እሑድ ነጋ። አባቴ መርፌ ተወግቶ እንቅልፍ ወስዶታል። እናቴ "ስለት አለብኝ፣ ቶሎ እመጣለሁ፣ በሩን እንዳትከፍቺ" ብላ ሄደች። ጉሙ ከዚያ ቀን በፊትም ከዚያም ወዲህ እንደዚያ ወፍሮ አላየሁም። ዓይኔን ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ ቆምኩ። መጀመሪያ ኮቴ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ በጭቃ የከበደ። ከዚያ አረንጓዴው ሻሽ ከነጩ ውስጥ ወጣ።

በዚህ ጊዜ ማዶ አልቆመችም። መንገዱን ተሻግራ ድንጋዮቹ ዘንድ መጣች። ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን አነሳችና ሕፃን እንደሚታቀፍ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። ቀዳዳዋ ውስጥ ከሻሿ ጫፍ በቀር ምንም አልቀረም።

ቆርቆሮው በክርን ተንኳኳ።

"እነዚህ ቤቶች!"

 ወደ ኋላ ልል ስል ክርኔ ቆርቆሮውን መታው።

"አንቺ ልጅ፣ አለሽ እኮ። አባትሽ አሉ?"

"ምን ያደርጉልዎታል?"

"ራሕማ መጣች በያቸው። ድንጋዩን ይዛ መጣች በያቸው።"

ያን ጊዜ ያሰብኩትን እስከ ዛሬ በደንብ አስታውሳለሁ። የሞተ ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም። ሞቷል ካልኳት ሥራዋን ትተዋለች።

"አባዬ ሞቷል" አልኩ።



"መቼ?"

"ከትናንት ወዲያ። አቀስታ ነው የተቀበረው፣ አገሩ። ሁሉም እዚያ ሄደዋል።" ውሸቱ እንዴት እንደዚያ ሰተት ብሎ እንደመጣልኝ አላውቅም። እኔው ራሴ ገርሞኛል።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን" አለች። ከዚያ የሆነ ነገር ቆርቆሮውን ታክኮ ወረደ። በቀዳዳዋ ሳይ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጣለች፤ የያዘችውን እንደታቀፈች፣ ግንባሯን እሱ ላይ ደፍታ። ታለቅስ ነበር። መቃብር የምትሠራለት ሰው ሲሞት ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም፤ ምናልባት ራሷ ልትገድለው ፈልጋ ይሆናል አልኩ። ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ድንጋዩን በቦታው መለሰችው፣ በጥንቃቄ።

"አብሽሪ ልጄ። አላህ ያጽናሽ" አለችኝ በቆርቆሮው በኩል።

ጉሙ መልሶ ዋጣት።

አባቴ ሳምንቱን አረፈና ተሻለው። በሚቀጥለው እሑድ እናቴ እንዳይሄድ እየለመነችው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ እኔ ቀዳዳዋ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላው ማንም የለም። ድንጋዮቹ ሰባት ሆነዋል፣ አባቴ በእግሩ እየሄደ ነው፣ ሴትዮዋ የለችም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴን አዳንኩት! ሮጬ አንገቱ ላይ ስጠመጠም "እህ!" አለ፣ ማጅራቱን ነክቼው። ፊቱን አየሁት፤ የዳነ ሰው ፊት አልነበረም። እኔ ግን ያ ኩራት ለዓመታት አብሮኝ ኖረ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ሲሰድቡኝ እንኳ "እኔ እኮ አባቴን ከሞት ያዳንኩ ነኝ" እል ነበር በልቤ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሌላ ዳኛ ሆነ። ቀጠሮ ያበዛል ተባለ። አንድ ሰው "ምስክር ቀርቶብኛል" ካለው ወር ይሰጠዋል፣ ሁለት ወር ይሰጠዋል። መዝገቡ ተከመረ፣ ባለጉዳይ ተማረረ፣ ከበላይ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ደጋግሞ መጣ። በመጨረሻ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። ጃንጥላ ተክሎ በፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ በሚጽፉት ሰዎች መካከል ተቀመጠ። ሰው ያዝንለት ነበር፤ ትናንት ከላይ የነበረ ሰው ዛሬ ከደጅ። እሱ ግን የመጣውን ሁሉ ብዕሩን ሳያነሳ በፊት "የቀረብህ ሰው አለ? ያልመጣ ወረቀት አለ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔን ሕግ እንዳልማር ለመነኝ። ኬሚስትሪ ተማርኩና አቀስታ አስተማሪ ሆንኩ፣ እሱ የጀመረበት።

ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። በእርግጥ ሞተ። ስለ እሑዶቹ እናቴ የነገረችኝ በለቅሶው ሰሞን ነው። በሩ ላይ የዋሸሁትን ግን ለእሷም አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን ሀናን መጣች። ከተማው ውስጥ የልብስ ሱቅ አላት፤ የጅዳ ዕድሜዋን በሙሉ እዚያ ሱቅ ላይ ያዋለችው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ያዘች።

"እናቴ ግን አልመጣችም፣ አትቀየሚ" አለችኝ። "ሞቷል ብላት አላመነችኝም። 'ያ ሰውዬ ከዚህ በፊትም ሞቶ ነበር' አለችኝ።"

"እንዴት?" አልኩ። 

"ያኔ አፉ ልትለው መጥታ ነበር። በሰባተኛው እሑድ ሲቀርባት፣ ድንጋዩን ከደጁ አንስታ አሸክማው በእጇ ልታወርድለት። አንዲት ልጅ በር ላይ አቁሞ 'ሞቷል' አስባላት። አልቅሳለት ተመለሰች። በሳምንቱ ሰውዬው ድንጋይ ተሸክሞ ቤቷ ከች አለ! ቀለደብኝ አለች። በሩን ጥርቅም አርጋ ዘጋችበት። እሱ ደግሞ ምን እንዳጠፋ አያውቅም መሰለኝ፣ እስከ ቀትር ቆሞ ሄደ።"

ሀናን ልጅቷ እኔ እንደሆንኩ አላሰበችም። ወይም አስባ ይሆናል፣ እጄን ስትይዝ በጣም አጥብቃ ነበርና። አባቴ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰባተኛውን ድንጋይ ምን እንዳበላሸበት ሳያውቅ ኖሮ ሞተ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ መንገዱን እያየ ሲቀመጥ፣ ፀሐይ የሚሞቅ ነበር የሚመስለኝ።

መሄድ እንዳለብኝ ያን ቀን አወቅሁ፤ ለመሄድ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ነሐሴ ከአቀስታ በሚኒባስ መጣሁ። ድንጋዮቹ እዚያው ናቸው፣ ሣር በቅሎባቸዋል። እሑድ ጠዋት የመጨረሻውን አነሳሁ። እናቴ አየችኝ፤ የት ልትሄጂ ነው አላለችም። ጋቢዋን አጣጥፋ ማጅራቴ ላይ አደረገችልኝና ድንጋዩን በላዩ አስቀመጠችው።

መንገዱ ጭቃ ነው። ከተማውን ሳልፍ ጉሙ ወረደ። የገብስ ማሳው በግራ በቀኝ ጠፋ፤ ከእግሬ ሥር በቀር የሚታይ ነገር የለም። ግማሽ መንገድ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስቆም ቆመ፣ ስሄድ ሄደ። ቀስ ያለ፣ አንድ እግሩን ትንሽ የሚጎትት፣ ወገቡን እንደሚያመው ሰው። ገበያተኛ ይሆናል አልኩ፤ እሑድ ግን ገበያ የለም። ፈራሁ፤ ግን ድንጋዩን ላስቀምጠው አልቻልኩም፤ ዞሬም አላየሁም። እንዲህ ሆኖ ነበር እንግዲህ የአባቴ መንገድ አልኩ።

ራሕማ ከቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ነጭ ሞራ ለብሷል። ሻሿ አሁንም አረንጓዴ ነው። ደጇ ላይ አጎንብሼ ቆምኩ።

"ማነው?"

"ሃይማኖት ነኝ። የዳኛ ክንፈ ልጅ።"

ፊቷን ወደ ድምፄ መለሰች። ከሩቅ ውሻ ጮኸ።

"በሩ ላይ የነበርሽው?"

"አዎ፣ እቴቴ።"

"ማን በይ አለሽ?" ይህን ጥያቄ አሥራ ሰባት ዓመት አፏ ውስጥ ይዛው እንደኖረች ከድምፅዋ አወቅሁ።

"ማንም። እኔ ነኝ። መቃብሩን የሚሠሩለት መስሎኝ ነው። ላተርፈው ብዬ ነው። አባቴ እርስዎ እንደመጡ አያውቅም፣ ሳያውቅ ሞተ። አፉ በሉኝ።" አለቀስኩ።

"አሁንስ ሞቷል?"

"ሞቷል። ሦስት ዓመቱ።"

በትሯን ተደግፋ ተነሳች። እጇ አየሩን እየዳበሰ መጥቶ ማጅራቴን አገኘው። ቀዝቃዛ ነበር። ድንጋዩን በጣቷ ዙሪያውን ነካካችው፣ ከዚያ በሁለት እጇ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው፣ ያን ቀን እንዳቀፈችው። ሸክሙ ሲወርድልኝ አንገቴ የራሴ አልመስል አለኝ።

"አንቺ ልጅ ነበርሽ" አለችኝ። "ግቢ፣ በርዶሻል።"

ከዚያ ፊቷን ከእኔ አሻግራ፣ ወደ መጣሁበት ጉም፣ ቀና አደረገች።

"ዳኛው፣ እርስዎም ይግቡ እንጂ። አፉ ብያለሁ።"

ዞሬ አላየሁም። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ራሕማ በሩን ይዛ ትንሽ ቆየች፣ ሌላ ሰው እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው፤ ከዚያ ዘጋችው።